ሳሎኑ ውስጥ ቤዙ አልያዝ አለኝ፤ ስፒከሩን ልቀይር ወይስ ክፍሉን ላስተካክል?

ሶሌታ ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ሳሎኑ ርዝመቱ 5.2 ሜትር፣ ወርዱ 4.2፣ ከፍታው 2.8 ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ላዩ ኮርኒስ የሌለው ሶሌታ፣ ወለሉ ሴራሚክ፤ መሀል ላይ 2 በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ተነጥፏል። ስፒከሮቹ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ናቸው፤ የዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ኮን) ፊት ከኋላው ካለው ግድግዳ 90 ሴንቲ ይርቃል። ሶፋው ደግሞ ትይዩ ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል።

ችግሩ ይሄ ነው፦ ቤዝ ጊታሩ ጥርት ብሎ የተቀዳ ኢትዮ ጃዝ ሲከፈት አንዱ ኖታ ክፍሉን ሞልቶ ሲያጓራ ሌላው ይጠፋል። የኤ ክር ባዶውን ሲመታ ስስ ነው። ያው ክር ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ ግን ድምፁ ያብጣል፤ ጣቱ ከተነሳ በኋላም ይጎተታል። ከበሮም እንደዚያው ነው፤ ድም ብሎ መቆረጥ ሲገባው ጭራ ያወጣል።

ስፒከሮቹን ልለውጥ አስቤ ሦስት ላይ ደርሻለሁ፦ ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ 804 ዲ4፣ ኬፍ ሬፈረንስ 1 ሜታ ከሁለት ሳብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚቆም ስፒከር፣ ባጭሩ ሳብ) ጋር፣ እና ደች ኤንድ ደች 8ሲ። በሚቀጥለው ወር ዱባይ ላይ ለመስማት ቀጠሮ ይዣለሁ። ከሦስቱ ለዚህ ክፍል የሚስማማው የቱ ነው? ሱቁ ውስጥ ስሰማስ ምን ላይ ላተኩር? የመለኪያ ማይክ የለኝም፤ የግድ ከሆነ እገዛለሁ።

ሜትርና ማይክ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከነልኬቱ ስላስቀመጥከው የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ። የኤ ክር ባዶው 55 ኸርዝ (በሰከንድ 55 ንዝረት) ነው። ሁለተኛው ፍሬት 61.7፣ ሦስተኛው 65.4፣ አራተኛው 69.3 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዝና ወደ ክፍሉ እንሂድ።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ብታካፍለው ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቆሞ የሚቀርበትን የመጀመሪያውን ድምፅ ታገኛለህ፤ እንዲህ ያለው የክፍሉ ሞድ ይባላል። በርዝመቱ 343 ለ10.4 ሲካፈል 33 ኸርዝ ይመጣል፤ የዚህ እጥፍ 66 ነው። በወርዱ 41፣ እጥፉ 82። በከፍታው 61። ርዝመቱና ከፍታው ተጣምረው ደግሞ 70 ገደማ ይሰጣሉ። አሁን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፦ ክፍሉ 61፣ 66 እና 70 ላይ ይነሳል፤ ቤዝ ተጫዋቹ 61.7፣ 65.4 እና 69.3 ላይ ይጫወታል። ሦስቱ ፍሬቶች ሦስቱ ሞዶች ላይ ወድቀዋል። የትኛውንም ውድ ስፒከር ብታመጣ ያንኑ ኖታ እዚያው ያሳብጠዋል።

ባዶው ኤ ለምን ሳሳ? 41 ኸርዝ ላይ ያለው የወርድ ሞድ ሊያግዘው ይችል ነበር፤ ግን ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ስለቆሙ አንዱ የሚገፋውን ሌላው ያጠፋዋል፤ አንተም የምትቀመጠው የዚያ ሞድ ግፊት ባዶ የሚሆንበት መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ከ41 እስከ 58 ባለው ክልል ክፍሉ ምንም አያዋጣም፤ ከዚያ በላይ ግን ሦስት ሞድ ተደራርቦ ይጠብቅሃል። ጆሮህ የሰማው ልዩነቱን ነው።

ሶፋው ግድግዳ ላይ መጠጋቱ ነገሩን አብሶታል። ግድግዳ ላይ የርዝመት ሞዶች ሁሉ ግፊታቸው ከፍተኛ ነው። ማይክ ሳትገዛ ዛሬ ማታ ማረጋገጥ ትችላለህ። ስልክህ ላይ ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫን፤ 66 ኸርዝ በስፒከሮቹ በለሆሳስ ልቀቅና ከሶፋው ተነስተህ ጆሮህን ሰጥተህ በቀስታ ወደ ስፒከሮቹ ተራመድ። ግድግዳው ጋ ጭንቅላትህን የሚሞላው ድምፅ 1.3 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ከውስጡ ወጥተህ የቆምክ ያህል ይወድቃል፤ ክፍሉ መሀል ስትደርስ ተመልሶ ይመጣል። ያ ነጥብ የርዝመቱ አንድ አራተኛ ነው። ቀጥሎ 61 ላይ አድርግና ቦታህን ሳትለቅ ቁጭ ብድግ በል። ወለል ጋ ያብጣል፤ ቆመህ ጆሮህ ወደ 1.4 ሜትር ሲጠጋ ይሳሳል። ይሄኛው የከፍታው ሞድ ነው። ሁለቱን በጆሮህ ከለየህ በኋላ የሚቀጥለው ሁሉ ይቀልልሃል።

የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሶፋውን አውጣና ጆሮህ ከጀርባ ግድግዳው ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ባለው መካከል እንዲሆን አድርግ። ወለሉ ላይ በየ15 ሴንቲው ፕላስተር ለጥፈህ አንድ ዘፈን በየነጥቡ ስማ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስፒከሮቹንም በተመሳሳይ ጊዜ ከፊት ግድግዳው 1.3 ሜትር ላይ አታቁማቸው። እዚያም የ66 ባዶ ነጥብ ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ ከእብጠት ወጥተህ ጉድጓድ ልትገባ ትችላለህ።

ማይኩን ግዛ። ዩሚክ-1 ይበቃል፤ በሴሪያል ቁጥሩ ሁለት የካሊብሬሽን (የማይኩን ስህተት የሚያርም) ፋይል ይወርድለታል። ማይኩ ወደ ጣሪያ ከቆመ የ90 ዲግሪውን ፋይል ተጠቀም። የመለኪያ ሶፍትዌሩ ሬው (Room EQ Wizard) ነው፤ ነፃ ነው። ከ10 እስከ 300 ኸርዝ ያለውን ክልል ስታይ ከርቩን የሚያለሰልሰውን ስሙዚንግ አጥፋው፤ አለበለዚያ ጠባቡን እብጠት ይደብቅብሃል። የእብጠቱን ስፋት ከጫፉ 3 ዴሲቤል ዝቅ ብለህ ለካና 2.2ን በዚያ አካፍል፤ ድምፁ በስንት ሰከንድ እንደሚሞት ይነግርሃል። 3 ኸርዝ ስፋት ያለው እብጠት 0.7 ሰከንድ ይጎተታል ማለት ነው። የከበሮህ ጭራ ያ ነው።

ሰያፍ መስመር፦

ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ስፒከሮቹ ልናገር።

የዚህ ክፍል ይዘት 61 ሜትር ኩብ ነው። እንዲህ ባለ ሳሎን ከ200 ኸርዝ ገደማ በታች የምትሰማው በአብዛኛው ክፍሉን ነው፤ ከዚያ በላይ ነው ስፒከሩ የራሱን ጠባይ የሚያሳየው። ስለዚህ ስፒከር የሚመረጠው ከ200 በላይ ባለው ሥራው፣ በተለይም ወደ ጎን በሚረጨው ድምፅ ነው። ብሎኬትና ሴራሚክ የሚቀበለውን ሁሉ መልሶ ይሰጣል፤ በጎን በኩል የሚወጣው ድምፅ ሚዛኑ የተዛባ ከሆነ ያንኑ መዛባት ከግድግዳው ትሰማዋለህ።

ይህን ሱቅ ሳትሄድ ማየት ይቻላል። ስፒከሩን በአግድምና በቁም በየ10 ዲግሪው አዙሮ የሚለካ ሲቲኤ-2034 የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ ሰዎች ስፒኖራማ ይሉታል። 70 ልኬት ተደምሮ ጥቂት መስመሮች ይወጣሉ። መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ፊት የሚወጣውን መስመር እይ፤ ጠፍጣፋ ይሁን። ቀጥሎ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ የሚመለሰውን የሚገምተውን መስመር እይ፤ ወደ ቀኝ እየሄደ ያለ ጉብታና ያለ ስብራት ዝግ ብሎ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ የሚታይ ስብራት በኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ማስተካከያ) አይድንም፤ ቀጥታውን ስታስተካክል የጎኑን ታበላሻለህና።

ወደ ሦስቱ ልምጣ። 804 ዲ4 ሁለት 165 ሚሊሜትር ዉፈር፣ 130 ሚሊሜትር ሚድሬንጅ (የመካከለኛ ድምፅ ኮን)፣ አናቱ ላይ ብቻውን የተቀመጠ የዳይመንድ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) አለው። የቤዝ ፖርቱ (የሣጥኑ መተንፈሻ) ወደ ታች፣ ወደ መቀመጫው ነው የሚነፍሰው። አምራቹ 89 ዴሲቤል ሴንሲቲቪቲና (በተወሰነ ጉልበት የሚያወጣው ድምፅ) 3 ኦም ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) ይሰጠዋል፤ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ሰፊ ሚድሬንጅ ከፍ ወዳለው ድምፅ ሲሄድ ጨረሩ ይጠብባል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትንሹ ትዊተር ደግሞ በሰፊው ይረጫል። ምንጣፍና መጋረጃ በሞላው ክፍል ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ባንተ ሳሎን ግን የፉጨትና የ"ሰ" ድምፅ ይጎላብሃል ብዬ እፈራለሁ። ቤዙም እስከ ታች ስለሚወርድ 33ንም 66ንም ያለ ርኅራኄ ይቀሰቅሳል፤ ቤዙን ለብቻው ወስደህ የሚመችህ ቦታ ልታስቀምጠውም አትችልም።

ሬፈረንስ 1 ሜታ ትዊተሩ ሚድሬንጁ መሀል የተቀመጠበት ነው። ወደ ላይም ወደ ጎንም የሚረጨው ድምፅ ቀስ እያለ፣ ያለ ስብራት ይወርዳል። 85 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ቤዙም 45 ኸርዝ ገደማ ላይ መውረድ ይጀምራል። ከሳብዉፈር ጋር ከሆነ ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ቤዙን ቆርጠህ ስታወጣለት አምፕሊፋየሩም ዉፈሩም ይቀልላቸዋል። ከኋላው ያለው ፖርት ረጅምና አጭር ቱቦ አለው፤ ግድግዳ ስትጠጋ በየተራ ሞክራቸው።

8ሲ በውስጡ አምፕሊፋየርም ፕሮሰሰርም ያለው ነው። ከ100 ኸርዝ በላይ ሚድሬንጁ ወደ ኋላ የሚያወጣውን ድምፅ በጎን ቀዳዳዎቹ ራሱ ያጠፋዋል፤ ከ100 በታች ያለውን ከኋላ የተገጠሙ ሁለት 8 ኢንች ዉፈሮች ይይዙታል። ከግድግዳ ከ10 እስከ 50 ሴንቲ ባለው ርቀት እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ነው። ለጠንካራ ግድግዳ ከሦስቱ የበለጠው መፍትሔ ይሄ ነው ብል አልዋሽም። ነገር ግን አንድ የሰርኪት ቦርድ ቢቃጠል ሙሉው ስፒከር ድምፅ ያጣል፤ መለዋወጫውን ከውጭ ማስመጣት ይኖርብሃል። ፓሲቭ (አምፕሊፋየሩ ከውጭ የሆነ) ስፒከር ሲበላሽ አምፕሊፋየሩን እዚያው ሰፈር የሚያስተካክል ባለሙያ ታገኛለህ። እኔ በዚህ ምክንያት ሬፈረንሱን ከሁለት ሳብ ጋር አስቀድማለሁ።

ዱባይ ስትሄድ የሱቁን ቤዝ አትመን፤ የምትሰማው የሱቁን ክፍል ነው። የምታውቃቸውን አምስት ስድስት ዘፈኖች ውሰድ፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቅዳ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ከ100 ኸርዝ በታች ተቆርጦ። በነፃው ኦዳሲቲ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የተቆረጠውን ስትሰማ ቤዙ ሳያባብልህ የማሲንቆውን ፍትጊያ፣ የሴቷን ድምፅ፣ የክራሩን ጥፍር ትፈርዳለህ። ሁለተኛ፣ የድምፁ መጠን እኩል ይሁን። ከ500 እስከ 2000 ኸርዝ የተወሰነ ፒንክ ኖይዝ (ለልኬት የሚያገለግል የሹሹታ ድምፅ) አጫውትና በማይኩ ለክተህ ልዩነቱን ከግማሽ ዴሲቤል በታች አውርደው። 89 እና 85 ዴሲቤል የሆኑ ሁለት ስፒከሮችን በአንድ ቮልዩም ብታነጻጽር የሚጮኸው ያሸንፋል፤ ጆሮ "ጮኸ" አይልህም፣ "ጠራ" ነው የሚልህ። ሦስተኛ፣ ተነስተህ በክፍሉ ጎን ቁም። ከጎን ስትሰማው ዘፋኙ ያው ሰው ከሆነ ያ ስፒከር ሳሎንህ ውስጥም ይሠራል።

ቀጭን ክር፦

ሁለት ሳብዉፈር ከገዛህ አንዱን የፊት ግድግዳ መሀል፣ ሌላውን የኋላ ግድግዳ መሀል አድርግ። በሃርማን የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ቶድ ዌልቲ ያጠናው ነው፤ የ33 ኸርዙን ሞድ ሙሉ በሙሉ ይደመስስልሃል።

ሜትርና ማይክ፦

ቀጭን ክር፣ ጥናቱ ትክክል ነው፤ ለዚህ ክፍል ግን ላይጠቅም ይችላል። የፊትና የኋላ መሀል ላይ ያሉ ሁለት ሳቦች 33ን ይደመስሳሉ፤ 66ን ግን ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፉት እጥፍ ያደርጉታል። የዚህ ሰው ችግር 66 ነው። ያ አቀማመጥ ሙሉ ጥቅሙ የሚወጣው አራት ሳብ በአራቱም ግድግዳ መሀል ሲቆም ነው፤ የጎኖቹ ጥንድ 66 ላይ የፊትና የኋላውን ጥንድ በተቃራኒ ስለሚገፋ 33ም፣ 41ም፣ 66ም፣ 82ም አብረው ይወድቃሉ። ለአራት ሳብ ቦታና ገንዘብ ካለ ከዚያ የተሻለ የለም።

ለሁለት ከሆነ ይህን አድርግ፦ አንዱ የግራ ግድግዳ ሥር፣ አንዱ የቀኝ፣ የኮኑ መሀል ከፊት ግድግዳው 1.3 ሜትር ርቆ። እዚያ ነጥብ ላይ 66 አይቀሰቀስም፣ ምክንያቱም ባዶ ቦታው ነው። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆኑ 41ም አይነሳም። 33 በመጠኑ ይቀራል፤ እሱን ለኢኳላይዘር ተወው። 82 ይነሳል፤ መቁረጫው (ድምፁ ለሳቡና ለስፒከሩ የሚከፈልበት ነጥብ) አጠገብ ስለሆነ ሳቡም ይደርስበታል፤ ካበጠ እሱንም በኢኳላይዘር ቀንሰው።

ዋናዎቹን ስፒከሮች ደግሞ ወደ ግድግዳው መልሳቸው። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ከዉፈሩ ወጥቶ ከኋላው ግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ርቀቱ የሞገዱ አንድ አራተኛ በሆነበት ቦታ ቀጥታውን ያጠፋዋል። አሁን ያለህበት 90 ሴንቲ 95 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። 1.2 ሜትር ብታወጣው ጉድጓዱ ወደ 71 ይወርዳል፤ ምንም ነገር ሊመጥጠው የማይችልበት ክልል ነው። ወደ 60 ሴንቲ ብታስጠጋው ግን ወደ 143 ይወጣል፤ እዚያ ከስፒከሩ ጀርባ የሚለጠፍ 15 ሴንቲ ሮክ ዉል (ድምፅ የሚመጥጥ የድንጋይ ጥጥ) መሥራት ይጀምራል። ርቀቱ የሚለካው ከዉፈሩ ፊት መሆኑን አትርሳ፤ የሬፈረንስ 1 ሣጥን ራሱ ከ40 ሴንቲ በላይ ጥልቀት ስላለው ከኋላው የሚቀርህ ክፍተት አንድ ስንዝር ያህል ነው።

መቁረጫውን 80 ኸርዝ፣ በኦክታቭ 24 ዴሲቤል አድርግ፤ ለዋናዎቹም ለሳቦቹም። ሚኒዲኤስፒ 2 በ4 ኤችዲ የሚባለው ፕሮሰሰር ይህን ይሠራል፤ ሁለት መግቢያ፣ አራት መውጫ አለው። ሰዓቱን ለማስተካከል የሳቦቹን ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነሱን) ገልብጥና ዲሌዩን (የሚዘገይበትን ጊዜ) በትንሽ በትንሹ እየቀየርክ 80 ላይ የሚፈጠረውን ጉድጓድ ተከታተል። ከ15 ዴሲቤል በላይ ጠልቆ ሲታይህ ሳቡና ስፒከሩ በእኩል ሰዓት ደርሰዋል ማለት ነው። ያኔ ፖላሪቲውን መልሰው። 34 ሴንቲ ርቀት 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ ግን በሜትር ለክተህ ብቻ አትሙላ፣ የሳቡ የራሱ ፕሮሰሰር ጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገያል።

ኢኳላይዘሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ጆሮህ በሚሆንበት ዙሪያ በ60 ሴንቲ ውስጥ አምስት ስድስት ቦታ ለካና አማካዩን ያዝ። እብጠቱን ብቻ ቀንስ። ጉድጓድ አትሙላ፤ 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት አምፕሊፋየሩን አሥር እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ነው፣ የምትጨምረውንም ተመላሹ ሞገድ እኩል አድርጎ ይሰርዘዋል። 61 ላይ ያለውን የከፍታ ሞድ ግን ሳትፈራ ቁረጠው። ወለል ላይ ያለ ሳብ በየትም ብታዞረው ያን ሞድ ይቀሰቅሰዋል፤ በሌላ በኩል ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጆሮው በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አንድ ቅነሳ ለሁሉም ይሠራል። ከ200 ኸርዝ በላይ እጅህን አታስገባ።

አዲስ አበባ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድምፅ ፍጥነት በከፍታ አይለወጥም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነውና ከላይ ያሉት የሞድ ቁጥሮች እንዳሉ ናቸው። ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ስፒከር ከተጻፈለት 2 ዴሲቤል ያህል ያንሳል፤ ለእኩል ድምፅም የሳቡ ኮን 30 በመቶ ያህል የበለጠ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ 10 ኢንች ይበቃል ካሉህ 12 ኢንች ግዛ፤ ዝግ ሣጥን ቢሆን እመርጣለሁ። ዝግ ሣጥን ወደ ታች ሲሄድ በዝግታ ነው የሚወርደው፤ እንዳንተ ያለ ጠንካራ ክፍል ደግሞ ከ33 በታች ራሱ ስለሚያነሳው ሁለቱ ይገናኛሉ። አምፕሊፋየሩም በስስ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ከላዩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ተውለት።

ሶሌታ ቤት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 66ን ለቅቄ ተራመድኩ፤ በትክክል 1.3 አካባቢ ይጠፋል። ቁጭ ብድግ ስልም እንዳላችሁት ነው። ሶፋውን ወደዚያው አምጥቻለሁ፤ ሦስተኛው ፍሬት ረግቷል፣ ሁለተኛው ግን አሁንም ይጎተታል። ከሶፋው ጀርባ ባዶ ግድግዳ ስለቀረ አናጢ ጠርቼ የሆነ ነገር ላሠራበት እፈልጋለሁ። የእንቁላል ካርቶን ወይም ስፖንጅ ያዋጣል? በር ያለው በግራ ግድግዳ በኩል፣ ከፊት 3 ሜትር ላይ ነው።

ሰያፍ መስመር፦

የእንቁላል ካርቶን ጭራሽ አይሆንም፤ እሳት ከመጥራት ሌላ ቤዝ ላይ ምንም አያደርግም። ስፖንጁም ያው ነው። የ61 ኸርዝ ሞገድ 5.6 ሜትር ይረዝማል፤ ሩቡ 1.4 ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ስፖንጅ ክፍሉን ከላይ ያደነዝዘዋል፣ ከታች ያለው ሳይነካ ይቀራል፤ ውጤቱ ከበፊቱ የባሰ የታፈነ ድምፅ ነው። በነገራችን ላይ የቺፑድ ኮርኒስ ያለው ቪላ ይህ ችግር የሚቀልለት ኮርኒሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ቤዙን ስለሚበላ ነው። ሶሌታ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር መሥራት አለብህ።

ሜትርና ማይክ፦

ትክክል። ለአናጢው የሚነገረው ይሄ ነው፦ ከኋላው የተዘጋ ጥልቀት የሌለው ሣጥን፣ ፊቱ በቀጭን ፕላይውድ የታሸገ። ፕላይውዱ ክብደት ነው፣ ከጀርባው የታፈነው አየር ምንጭ ነው፤ ሁለቱ አብረው በአንድ ድምፅ ላይ ይወዛወዛሉ፣ ውስጡ ያለው ሮክ ዉል ጉልበቱን ይበላዋል።

መጻሕፍት ላይ ያለው ቀመር 60 ሲካፈል ለክብደቱና ለጥልቀቱ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው፤ ክብደቱ ኪሎ በካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ በሜትር። እዚህ ላይ ግን ያልኩህ ከፍታ ይገባል። የታፈነው አየር ጥንካሬ ከአየሩ ግፊት ጋር ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 60 የሚለው 52 ይሆናል። 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ በካሬ ሜትር 7.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባሕር ወለል ላይ 66 ኸርዝ ለመያዝ ጥልቀቱ 10.6 ሴንቲ መሆን ነበረበት፤ አንተ ጋ 8 ሴንቲ ነው። ከውጭ ቪዲዮ አይተው የሚሠሩ ሰዎች ሣጥኑ ለምን 57 ላይ እንደሚሠራባቸው የሚቸገሩት በዚህ ነው።

ስፋቱ ከ60 በ120 ሴንቲ አይነስ። ካነሰ ፕላይውዱ በራሱ ግትርነት ይቆምና ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፍሬሙ 8 ሴንቲ ጥልቀት ይኑረው፤ ጀርባው 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የግድግዳው ልስን ወጣ ገባ ስለሆነ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ብትመታው አየር ያስገባል። ውስጡ 5 ሴንቲ ሮክ ዉል ወደ ጀርባው ተጣብቆ ይቀመጥ፤ ፕላይውዱን ከነካው እንቅስቃሴውን ያፍነዋል። ጓንትና ማስክ ይደረግ። ፊቱ ከመመታቱ በፊት የፍሬሙ ዙሪያ ሁሉ ሲሊኮን ይቀባ፤ ብሎኖቹ በየ15 ሴንቲው። በጣም የተለመደው ጥፋት እዚህ ላይ ነው፦ የወረቀት ውፍረት ያላት ክፍተት ብትቀር አየሩ ይተነፍስና ሣጥኑ ተራ ቁም ሣጥን ይሆናል። ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ፊቱን በጉልበትህ ገፋ አድርገህ ልቀቀው፤ ጠርዙ ላይ የአየር ፉጨት ከተሰማ ይተነፍሳል።

ለ66 አራት ሣጥን ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ይሂድ፤ የዚያ ሞድ ግፊት ከፍ የሚለው እዚያ ነው። ሁለተኛውን ፍሬት ለሚጎትተው 61 ደግሞ ሁለት ሣጥን በ9.3 ሴንቲ ጥልቀት አሠራና ወለል ሥር፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ በአግድም አጋድማቸው፤ የከፍታ ሞድ ግፊቱ ያለው ወለልና ሶሌታ ላይ ነው፣ ግድግዳ መሀል ላይ ብትሰቅላቸው ምንም አይሰሙም። በላያቸው አቡጀዲ ቢለብሱ አይጎዳም፤ ወፍራም ቀለም ወይም ፎርማይካ ግን ክብደቱን ስለሚቀይር ይቅር።

በሩ የግራ ግድግዳ 3 ሜትር ላይ ስለሆነ ሳቡን 1.3 ላይ አይከለክለውም። ግን በሩን ዘግተህም ከፍተህም ለካ፤ ክፍት በር የ33ቱን እብጠት ሊቀንሰው ስለሚችል ኢኳላይዘሩን የምታስተካክለው ሙዚቃ በምትሰማበት ሁኔታ ይሁን።

መጀመሪያ አንድ ሣጥን ብቻ ይሠራ፤ አራቱን አንድ ላይ አታዝዝ። ማይኩን ከፕላይውዱ መሀል 1 ሴንቲ አርቀህ ከ40 እስከ 100 ኸርዝ ስዊፕ (ከወፍራም ወደ ቀጭን እየወጣ የሚሄድ የመለኪያ ድምፅ) አድርግ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ በአሸዋ የተሞላ ከረጢት አስደግፈህ እንዳይንቀሳቀስ አድርግና ድገመው። ሁለቱ ከርቮች የሚለያዩበት ቦታ ሣጥኑ የሚሠራበት ነው። ከ66 በታች ከሆነ ጥልቀቱን ቀንስ፣ በላይ ከሆነ ፕላይውዱ ጀርባ መሀል ላይ ቀጭን የሬንጅ ሺት ለጥፍበት። ቁጥሩ ሲገጥም ነው ሦስቱን ቀሪዎች የምታሠራው።